የተቀነሰው ስም

«ምንም አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሂባ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና የጻፈችውን ደግማ አየችው። «ወርቅ እና ዶቅማ» ብሎ ይጀምራል። «እና» ያስገባችው ሁለቱም ቃላት ያሉበት መዝገብ ብቻ እንዲመጣላት ነው። ስህተት የለውም። ከክፍሉ ጀርባ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ያጠፋዋል፣ ለማንም ብሎ አንድ ደቂቃ አይጨምርም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ አክስቷ ብኸይታ ለገበያ ወደ አሶሳ ትመጣለች። እሑድ ደግሞ ሴቶቹ ተሰብስበው ኢንዓምን ያባርሯታል።

ይህን ወሬ ያመጣችላት ራሷ ብኸይታ ናት፣ ማክሰኞ ዕለት። ሂባ ለትምህርቷ ስትል አሶሳ አጎቷ ቤት ትኖራለች፤ አክስቷ ግን ያለችው መንጌ አካባቢ፣ እናቷም እዚያው። ብኸይታ መጣች፣ ውኃ ተሰጣት፣ ውኃውን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ከዚያ በበርታኛ ነገሩን ዘረገፈችው።

ሰባት ሴቶች ናቸው። በበጋ ወንዙ ሲጎድል አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ይለቅማሉ። ወንዝ በየአገሩ ሞልቷል፤ የእነሱ ቦታ ግን የእነሱ ብቻ ነበር። አያቶቻቸው ያሳዩዋቸው፣ እነሱም ለልጆቻቸውና ለምራቶቻቸው ካልሆነ ለማንም የማያሳዩት ቦታ። ለባሎቻቸው እንኳ «ወንዝ ወርደን መጣን» ከማለት ያለፈ ነገር አይተነፍሱም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ማለዳ ቢወርዱ፣ አካፋና የውኃ መሳቢያ ሞተር የያዙ ዘጠኝ የማይታወቁ ወንዶች ዳርቻውን አርሰውት ጠበቋቸው። ውኃው ጭቃ ሆኗል። ከወንዶቹ አንዱ ወረቀት ይዞ «ግንዱ ሁለት የሆነው ዶቅማ ያ ነው፣ ወደ ግራ በሉ» እያለ ሲያነብ ብኸይታ በጆሮዋ ሰማች።

«ወረቀት!» አለች ብኸይታ፣ እጇን በእጇ እየመታች። «ከእኛ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ማን አለ? ማንም። ወንድሙ አሶሳ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ የሆነ ግን አለ። የኢንዓም ወንድም። ወረቀት ከዚያ ካልወጣ ከየት ይወጣል፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ?»

ኢንዓም ካገባች ገና ዓመት አልሞላትም። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው ይላሉ፤ ስትስቅ ግን ከሂባ የምታንስ ትመስላለች። ከወንዙ ከተባረረች አማቷ ቤትም እንደማያስቀምጧት ሁሉም ያውቃል።

«እሷ ባትሆንስ?» አለች ሂባ።

«ሌላ ማን አለ?» አለች ብኸይታ። የቀሩትን ስድስት ሴቶች፣ የሂባን እናትና ራሷንም ሳይቀር፣ በስማቸው እየጠራች በጣቷ ቆጠረች። ሂባን አልቆጠረቻትም። ፊቷ ቁጭ ያለች የእህቷ ልጅ ትዝ እንኳ አላለቻትም።

ሂባ ግን «ወረቀት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ልቧ ወዲያው ወደ ትምህርት ቤቱ የመረጃ ቋት ነበር የሄደው።

ቋቱ የመምህር ይልቃል ሥራ ነው። መምህር ይልቃል ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ከጎጃም ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው። በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት የመማሪያ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ስለዚህ ክልል የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ መሆኑን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። እርግጥ ክልሉ ራሱ ከሂባ በዕድሜ ያንሳል፤ ቢሆንም ሁለት መስመር! «የቀረውን እናንተ ትጽፉታላችሁ» አሉ ለተማሪዎቹ። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ለዕረፍት አገሩ በሄደ ቁጥር ከወላጅ ከዘመዱ እየጠየቀ ይመጣል፦ የዛፍ ስም፣ የዘፈን ግጥም፣ የገንፎ አሠራር፣ የጉድጓድ ታሪክ። ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። በሦስት ዓመት አንድ ሺህ ሦስት መቶ መዝገብ ሆነ። እያንዳንዱ መዝገብ ሲጀምር የመረጃ ሰጪውን ስም ያስቀድማል፣ ቀጥሎ የሰብሳቢውን። መጥቶ የጠየቀ ሰው ሁሉ አሳትሞ መውሰድ ይችላል።

አፈላለጉንም መምህር ይልቃል በጥቁር ሰሌዳ አስተምረዋል። «ቋቱ ሰው አይደለም፣ ሐሳባችሁን አይገምትላችሁም» ይሉ ነበር። ሁለት ቃል አብሮ እንዲመጣ «እና»፤ ከሁለት አንዱ ከበቃ «ወይም»፤ ቃላቱ ልክ እንደ ተጻፉት ተከታትለው እንዲገኙ በትምህርተ ጥቅስ ማጠር፤ የማይፈለገውን ደግሞ በመቀነስ ምልክት ማስወጣት። ሂባ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ወደደችው። መቶውን አሥር፣ አሥሩን አንድ ማድረግ እንዴት ደስ ይላል!

አሁን ግን ደስ አላላትም። «ወርቅ» ብላ ስትጠይቅ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መዝገብ መጣላት። ግማሹ ከሰፈራ ጣቢያ የመጡ ወርቅነህና ወርቅነሽ የሚባሉ ሰዎች የተናገሩት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ዶቅማ» ስትል ደግሞ ቋቱ የራሷን ጽሑፎች አዘነበላት፤ የክፍሉ የዛፍ ሰብሳቢ እሷ ናትና አርባ አንድ መዝገብ በስሟ አለ። ስለዚህ «ወርቅ እና ዶቅማ» ብላ ከጎኑ የመቀነስ ምልክት አስገባችና የራሷን ስም አስወጣች። ምንም። በትምህርተ ጥቅስ ሞከረች። ምንም። «ወይም ዛፍ» ብላ ሞከረች። የማይረባ ነገር መጣ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ምንም።

«ምን ጠፋብሽ?» አለ ከኋላዋ ኤልያብ።

ኤልያብ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ እሱ ጋ ነው፣ ለእንግዶች የሚያትመውም እሱ። ከማክሰኞ ጀምሮ ሂባ ሰላምታ ነፍጋዋለች። በልቧ የፈረደችበት እሱ ላይ ነበር፤ ሁሉን ነገር የሚያይ፣ ሁሉን ነገር የሚያትም ሌላ ማን አለ?

«አንተ ታውቀዋለህ» አለችው፣ ስክሪኑን በእጇ ለመሸፈን እየሞከረች።

«እኔ ምኑን ነው የማውቀው? ሁለት ቀን ሙሉ ስታኮርፊኝ...» ኤልያብ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበ። «ቆይ፣ ራስሽን ለምን ቀነስሽ?»

«እኔ የጻፍኩትን አውቀዋለሁ። ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺ የጻፍሽው ብቻ መሰለሽ እንዴ የሚወጣው? ስምሽ ያለበት ሁሉ ነው የሚወጣው። ሌላ ሰው ጽፎ አንቺን ከጠቀሰ እሱም አይመጣልሽም።»

ሂባ አላመነችውም። ቢሆንም የመቀነስ ምልክቱን ከነስሟ አጠፋችውና ቁልፉን ተጫነች።

ሦስት መዝገብ መጣ። ሁለቱ የራሷ ነበሩ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦

«መረጃ ሰጪ፦ ሂባ ኻሚስ፣ 9ኛ ክፍል። መረጃ ሰብሳቢ፦ እስከዳር በቃሉ፣ 9ኛ ክፍል። ርዕስ፦ የሴቶቹ ምሥጢራዊ የወርቅ ወንዝ።»

ከሥሩ መንገዱ ተጽፏል። ከመንደሩ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ በየትኛው ጋራ ሥር እንደሚታለፍ፣ ግንዱ ሁለት የሆነው ዶቅማ ጋ ሲደረስ ወደ ግራ መታጠፍ። የእስከዳር አጻጻፍ ያምራል፤ ሁልጊዜም ያምራል። መጨረሻው ላይ ቋቱ ራሱ የሚመዘግበው ቁጥር አለ፦ አሥራ ሰባት ጊዜ ታትሟል።

ሂባ ስሞቹን ደግማ አነበበቻቸው። ከዚያ ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋም ጋለ። ኤልያብ የሆነ ነገር ይናገራል፣ አልሰማችውም። እስከዳር! ሰው ሁሉ ቢከዳኝ እሷ አትከዳኝም ያለቻት እስከዳር!

ሁለት ዓመት በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። የእስከዳር እናት ነርስ ናቸው፣ ከደሴ ተዛውረው ነው የመጡት። እስከዳር በመጣች ሰሞን ተማሪው ሁሉ ሲርቃት ቦታ የለቀቀችላት ሂባ ናት። በጥር ዕረፍት ደግሞ ይዛት አገሯ ወረደች። እንግዳ ወደ ወንዙ አይወሰድም ነበር፤ ሂባ ግን «እሷ እንደ እህቴ ናት» ብላ አክስቷን ለመነቻት። ብኸይታም ልቧ ራራ። አማርኛ ብዙ አይሆንላትም፣ ቢሆንም እስከዳርን አጠገቧ አስቀምጣ «አንተ የኔ ልጅ ነው፣ አይፈራም» አለቻት። ከዚያ የሁለቱንም እጅ ውኃው ውስጥ አስነክራ ቃል አስገባቻቸው። እስከዳር ያን ቀን «በማርያም! ለነፍስ አልናገርም» ብላ ነበር፣ ማንም ማዪ ሳይላት።

ዓርብ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ ሂባ እስከዳርን ከክፍሉ ጀርባ ማንጎው ሥር አገኘቻት። ያልበሰለ ማንጎ በጨውና በበርበሬ እየበላች ነበር።

«ውሰጂ፣ ይሄኛው ይጣፍጣል» አለች እስከዳር።

ሂባ ወረቀቱን ሰጠቻት። ትናንት ያሳተመችው ነው፤ አሥራ ስምንተኛው ቅጂ መሆኑ ነው።

እስከዳር አየችው። ማኘኳን አቆመች። «እሱን እኮ... በናትሽ፣ ሂባ። አሥር መዝገብ ሊሞላልኝ አንድ ቀርቶኝ ነበር። ቀኑ ደግሞ አልቋል።»

«ቃል ገብተሽ ነበር።»

«ለሰው እንዳልናገር ነው ቃል የገባሁት! ለማን ተናገርኩ? ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩ እንጂ።»

እስከዳር የተናገረችውን የምታምነው ይመስላል። ያ ደግሞ ከውሸት ይብስ ነበር።

«ስሜንስ ለምን ጻፍሽው?»

«ያለ መረጃ ሰጪ አይቀበልማ! ደግሞ ላንቺም ክብር ይሆናል ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የራሱ አድርጎት ያርፍ ነበር።»

በዚያ መዝገብ ምክንያት ነበር እስከዳር አዲስ አበባ የሄደችው። መዝገቡ ብዙ ጊዜ የታተመለት ተማሪ ከመምህር ይልቃል ጋር ወደ ኤግዚቢሽን ይሄዳል ተብሎ ነበርና እሷ አሸነፈች። ሂባ ዕቃዋን አብራት ሸክፋላታለች። የእስከዳር ጫማ አርጅቶባት ስለነበር የሂባን አዲሱን ጫማ ተጫምታ ነው የሄደችው። «በምን መዝገብ ነው ያሸነፍሽው?» ብላ ስትጠይቃት እንኳ «አሥሩም ተደምሮ ነው» ብላ ነበር የመለሰችላት። ይህ ትዝ ሲላት ሂባ ልታለቅስ ደረሰች፣ ግን በእስከዳር ፊት አላለቀሰችም።

«ዘጠኝ ሰው ይህን ወረቀት ይዞ መጥቶ ወንዙን አረሰው» አለች። «ሴቶቹ ኢንዓም ናት ብለዋል። እሑድ ያባርሯታል።»

«ኢንዓም ማናት?»

«ያን ቀን ገበቴዋን ላንቺ ሰጥታሽ እሷ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ የዋለችው።»

እስከዳር ወደ መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዲህ የሆነው ሆኗል። ስሚኝ፣ አታካብጂው። ስሙ ያንቺ ስለሆነ ደምስሱልኝ ካልሽ ኤልያብ ይደመስሰዋል። ከተደመሰሰ ማን ያውቃል? አንቺም ነፃ፣ እኔም ነፃ። እነሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው ይታረቃሉ፣ ዘመድ አይደሉ?»

«ነገ ስምንት ሰዓት መኪናው ከገበያው ይነሳል» አለች ሂባ። «እኔ እሄዳለሁ። አብረሽኝ ነይና ለአክስቴ አንቺው ንገሪያት። እኔ ከጎንሽ እሆናለሁ።»

«እኔ? እዚያ ሁሉ ሴት መሀል? አብደሻል እንዴ!» ደወሉ ተደወለ። እስከዳር ማንጎዋን ጥላ ሄደች፤ ወረቀቱን ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሂባ መምህር ይልቃልን አነጋገረቻቸው። እየሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

«መረጃ ሰጪው ማን ነው ብዬ ጠይቄያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሰብሳቢው ማን ነው ብያለሁ። ቦታው የት ነው ብያለሁ። ፈቅደው ነው ወይ የሚል ጥያቄ ግን የትም አላስቀመጥኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ!»

«መዝገቡ ከቋቱ ይውጣልኝ፣ ቲቸር። ግን መጀመሪያ አንድ ቅጂ ያትሙልኝ።»

ራሳቸው አተሙላት። እጃቸው ላይ ይዘው ትንሽ ቆሙና «ከፈለግሽ አብሬሽ እመጣለሁ» አሏት። ሂባ አመስግና እንቢ አለች። ወንድ ወደዚያ ስብሰባ አይገባም። ስትወጣ ኤልያብ በሩ ላይ ወንበር ሲደረድር አገኘችው።

«ኤልያብ፣ አንተን ነበር የጠረጠርኩት» አለችው።

«እሱማ ገብቶኛል» አለ፣ ቀና ሳይል። «ሁለት ቀን ማኩረፍ ቀላል ነው እንዴ!» ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቀ።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አይሱዙው ሞተሩን አስነስቶ ተሳፋሪ ይጠራል። ብኸይታ የባዶ ቅርጫቷን አፍ በነጠላ አስራ ከኋላ ተቀምጣለች። ሂባ ከጎኗ ናት፣ ወረቀቱ በደብተር መካከል ነው። አንገቷን አውጥታ ገበያውን በዓይኗ ታስሳለች።

አየቻት። እስከዳር ከማንጎ ሻጮቹ አጠገብ ቆማለች። እስከዳርም አየቻት። ሂባ እጇን አነሳችና ጠራቻት፤ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር። እስከዳር አንድ እርምጃ ወደ መኪናው መጣች፣ ቆመች፣ ከዚያ ዞራ ሰው መሀል ገባች። የሚገርመው ሂባ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትመጣለች ብላ ታምን ነበር። ትናንት ካየችው ሁሉ በላይ የጎዳት ይህ ነበር።

አሶሳ ከኋላ ከቀረ በኋላ ለብኸይታ ነገረቻት። በበርታኛ፣ አንድም ነገር ሳታስቀር። ወረቀቱ ከየት እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ የማን ስም እንዳለበት፣ ማን ለምና ማንን ወደ ወንዙ እንደ ወሰደች።

ብኸይታ ወዲያው አልተቆጣችም። መንገዱን ታያለች። ከዚያ ክንዷን ከሂባ ትከሻ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሂባ ዱላ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ወላሂ፣ አንቺን ሳልቆጥር ቀረሁ» አለች ብኸይታ። «ያቺን ልጅ እንኳን... እንግዳ ናት። አንቺን ግን እኔ ሳልቆጥር ቀረሁ።»

«ዛሬ ማታ ለእማዬና ለሌሎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ። ኢንዓምን በአደባባይ የከሰስኳት እኔ ነኝ፣ የራሴን ዕዳ እኔው እናገራለሁ። ያንቺን አንቺ።»

«እሑድ ስብሰባው ላይ?»

ብኸይታ የቅርጫቷን ቋጠሮ አጠበቀች።

መንደሩ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ሂባ ከመኪናው ወረደች። በስተቀኝ የአክስቷ ግቢ፣ ከዚያ አልፎ የእናቷ ቤት ነው፤ የምትተኛበት፣ ውኃ የሚሰጣት፣ እስከ ነገ ድረስ ማንም ምንም የማይጠይቃት እዚያ ነው። በስተግራ የቀርከሃው አጥር ካለቀበት ጋ የኢንዓም አማት ቤት አለ። ሂባ ትንሽ ቆመች። እግሯ የለመደው ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ ሄደች፣ ብኸይታም አልከለከለቻትም።

ኢንዓም ደጃፉ ላይ ተንበርክካ ልብሷን በሁለት ጥቅል እያሰረች ነበር። ዓይኗ አብጧል። ሂባን ስታይ ልትነሳ ሞከረች፣ መልሳ ተቀመጠች።

«እኔ አይደለሁም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ለስንት ሰው እንዲህ ስትል ሰንብታ ይሆን?

«አውቃለሁ» አለች ሂባ። «ወረቀቱን ይዤው መጥቻለሁ። ላንብብልሽ?»

ኢንዓም ወረቀቱን አየችው፣ ሂባን አየቻት። ከዚያ አንዱን ጥቅል ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት።

ሂባ ተቀመጠች። ርዕሱን ዘላ ከመንገዱ ልትጀምርላት ትችል ነበር። ከላይ፣ ከራሷ ስም ጀመረች።